ቁጥሩ ከየት መጣ? የኩዌሪ ሂስትሪን ሥራ ላይ ማዋል፣ ደረጃ በደረጃ

ጎፋ ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። ትምህርት ቤቱ የተማሪ ሰርቪስ ለመመደብ ከጎፋ መብራት ኃይል፣ ከጎፋ ካምፕ፣ ከጎፋ ገብርኤልና ከጎፋ ማዞሪያ ስንት ስንት ልጅ እንደሚመጣ ማወቅ ፈለገ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ዳታቤዙን ጠይቃ ከመብራት ኃይል 61 ልጆች እንደሚመጡ ሪፖርት አደረገች። ከሁለት ወር በኋላ ርዕሰ መምህሩ ያንኑ ቁጥር ሲጠይቋት ግን 47 ወጣ። ሰፈሩን የለቀቀ ልጅ የለም፤ ከመዝገብ የተሰረዘም የለም።

ነገሩ ያለው ፊደሉ ላይ ነው። «ኃይል» የሚለውን አንዱ መዝጋቢ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሃ»፣ ሦስተኛው በ«ሀ»፣ አራተኛው በ«ሐ» ጽፎታል። ለአንባቢ ያው አንድ ሰፈር ነው፤ ለዳታቤዝ ግን አራት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ለዳታቤዙ የተጻፈው ጥያቄ (ኩዌሪ) አራቱንም አጻጻፍ አካትቶ ነበር፤ ሁለተኛው አንዱን ብቻ። ይህን በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው የመጀመሪያው ኩዌሪ ቃል በቃል ሲገኝ ብቻ ነው።

የዳታቤዝ መክፈቻ ፕሮግራሞች የሮጠውን ኩዌሪ ቃል በቃል የሚይዝ ክፍል አላቸው፤ ኩዌሪ ሂስትሪ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መብራት ሄዶ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሲጠፋበት ነው። ጥቅሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። ለወረዳ፣ ለኃላፊ ወይም ለወላጅ የተሰጠ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማስረዳት የሚቻለው በእሱ ነው። ማንኛውም ቁጥር ከቢሮ ሲወጣ የተጠየቀበት ጥያቄ አብሮት መቀመጥ አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ወደዚያ ልማድ ያደርሱዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት

ዋናው ማሳያችን ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ የተሠራው ፒጂአድሚን 4 ነው። በነፃ ይገኛል፤ ፖስትግሬስ ላይ የሚሠሩ ብዙ ሥርዓቶችም በአገራችን አሉ። ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተገነባው በፖስትግሬስ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚጠቀሙ ከሆነም አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነቱን በየቦታው እንጠቁማለን።

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ። ሂስትሪ የሚይዘው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይደለም። «ከመብራት ኃይል ስንት ልጅ ይመጣል?» ብለው ቢቆጥሩ ሂስትሪው የቆጠራውን ኩዌሪ፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የፈጀውን ጊዜና «1 ረድፍ ተመለሰ» የሚለውን ይመዘግባል። 61 የሚለውን ግን አይዝም። ብዙዎች መልሱም ይያዛል ብለው ተማምነው ይቸገራሉ። መፍትሔው ደረጃ 3 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ሂስትሪው የት እንዳለ ይወቁ

በፒጂአድሚን ዳታቤዙን ይምረጡና ኩዌሪ ቱል የሚባለውን መጻፊያ ይክፈቱ። ከላይ፣ ኩዌሪው ከሚጻፍበት «ኩዌሪ» ታብ አጠገብ «ኩዌሪ ሂስትሪ» የሚል ታብ አለ። ሲጫኑት ሰሌዳው ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል የሮጡት ኩዌሪዎች በየቀናቸው ተሰብስበው ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል የመረጡት ኩዌሪ ሙሉ ጽሑፍ ከነዝርዝሩ ይወጣል። ስህተት የገጠመው ኩዌሪም አብሮ ይመዘገባል፤ ከሌሎቹ በቀይ ይለያል።

ሌላ ፕሮግራም ላይ ከሆኑ እዚህ ይፈልጉ፦

- ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች፦ ከታች ባለው የአውትፑት ሰሌዳ ተዘርጋፊ ዝርዝር ውስጥ «ሂስትሪ አውትፑት» የሚለውን ይምረጡ። ቀኑን ሲጫኑ የዚያ ቀን ትእዛዞች በጎን ይወጣሉ።
- ፒኤችፒማይአድሚን፦ ከገጹ ግርጌ «ኮንሶል» የሚል መስመር አለ። ሲከፍቱት «ሂስትሪ» የሚል ምርጫ ያገኛሉ።
- ዲቢቨር፦ በ«ዊንዶው» ሜኑ በኩል «ኩዌሪ ማናጀር»ን ይክፈቱ።
- ዳታግሪፕ፦ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኢ ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ።
- የፖስትግሬስ ተርሚናል፦ የኋላ ስላሽ ጽፈው ትንሿን ኤስ ያስከትሉና ኢንተር ይጫኑ፤ የቆዩት ትእዛዞች ይዘረዘራሉ። ኮንትሮልና አር ሲጫኑ ደግሞ ቃል እየጻፉ ወደኋላ መፈለግ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል እንደሚቆይ ያረጋግጡ

ሁሉም ፕሮግራም እኩል አያስታውስም። ፒጂአድሚን ካልተቀየረ በቀር ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 20 ኩዌሪዎች ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው 20 ኩዌሪ በአንድ ረፋድ ይጨርሳል፤ የትናንቱ በዛሬው ተገፍቶ ይወጣል። ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ባለሙያ በፕሮግራሙ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ «ማክስ ኩዌሪ ሂስት ስቶርድ» የሚለውን ቁጥር ከፍ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ።

ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አስተዳዳሪው ሂስትሪው ዳታቤዝ ውስጥ እንዲቀመጥ ካላዘጋጀው ብራውዘሩ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። ካዘጋጀው ደግሞ ልማዳዊው ገደብ 25 ኩዌሪ ነው። የፖስትግሬስ ተርሚናል በበኩሉ 500 ትእዛዝ ድረስ ያስቀምጣል።

የራስዎን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መፈተን ነው። ምንም የማይቀይር ትንሽ የሰለክት ኩዌሪ ያሩጡ። ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱትና ሂስትሪውን ይመልከቱ። ኩዌሪው ካለ ፕሮግራምዎ ያስታውሳል፤ ከሌለ የቀኑን ሥራ ሳይዘጉ በፊት ወደ ፋይል ማውጣት ግዴታዎ ይሆናል። ፈተናውን ፕሮግራሙን ባሳደጉ ወይም ኮምፒውተር በቀየሩ ቁጥር ይድገሙት።

ስለ መብራት መቋረጥም እዚህ እናንሳ። ሂስትሪ ውስጥ የሚገባው የሮጠ ኩዌሪ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት የለፉበት ረጅም ኩዌሪ ገና ሳይሮጥ ዴስክቶፑ ቢጠፋ ሂስትሪው አያድነውም። ስለዚህ ረጅም ኩዌሪ ሲገነቡ በየእርከኑ ያሩጡት። መጀመሪያ ቴብሉን ብቻ፣ ከዚያ ከነማጣሪያው፣ ከዚያ ከነድምሩ። ስህተት ቢኖረውም እንኳ መሮጡ ጽሑፉን ያስቀምጥልዎታል።

ደረጃ 3፦ ኩዌሪው አናት ላይ ማስታወሻ ይጻፉ

ይህ ከሁሉም የላቀ ጥቅም ያለው ደረጃ ነው። በኤስኪውኤል ሁለት ሰረዝ (--) ከጻፉ በኋላ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ጽሑፍ ዳታቤዙ አይፈጽመውም። ማስታወሻው ግን ከኩዌሪው ጋር ሂስትሪ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ ይጻፉት። አራት ነገር ይበቃል፦ ቀኑ፣ የጠየቀው ክፍል፣ ዓላማውና ውጤቱ። ለምሳሌ፦

-- ጥቅምት 12፣ 2018፤ ጠያቂ፦ ርዕሰ መምህር
-- ከመብራት ኃይል የሚመጡ ተማሪዎች፣ ለሰርቪስ ምደባ
-- አራቱም አጻጻፍ ተካቷል፦ ኃይል፣ ሃይል፣ ሀይል፣ ሐይል
-- ውጤት፦ 61

የመጨረሻውን መስመር የሚጽፉት ውጤቱን ካዩ በኋላ ስለሆነ ጽፈው አንድ ጊዜ እንደገና ያሩጡት። የሰለክት ኩዌሪ ምንም ስለማይቀይር ደግሞ መሮጡ ጉዳት የለውም፤ ጥያቄውና መልሱ ግን ሂስትሪው ውስጥ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ድጋሚ ማሮጥ ዳታ በሚቀይሩ ትእዛዞች ላይ ፈጽሞ አያድርጉት።

ጥንቃቄ፦ ፒጂአድሚን ላይ የጽሑፉን ከፊል ብቻ መርጠው ኤፍ 5ን ከተጫኑ የሚሮጠውም የሚመዘገበውም የመረጡት ክፍል ብቻ ነው። ማስታወሻው እንዲገባ ከፈለጉ እሱንም አብረው ይምረጡ።

ደረጃ 4፦ በቀንና በሰዓት ይፈልጉ

ሂስትሪው የሚያሳየው የፈረንጆቹን ቀንና ሰዓት ነው። እኛ የምናስታውሰው ግን «ጥቅምት 12፣ ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ከ20 ገደማ» ብለን ነው። ሁለቱን ለማገናኘት የሰዓቱ ስሌት ቀላል ነው፤ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ። ከቀኑ 8:20 በሂስትሪው 14:20 ሆኖ ይታያል፤ ከጠዋቱ 3:15 ደግሞ 9:15። ጥቅምት 12፣ 2018 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22፣ 2025 ነው።

የሰርቨር ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነው። በኪራይ የሚገኙ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይሠራሉ። ከቀኑ 8:20 የተመዘገበ ክፍያ በኮምፒውተርዎ ሂስትሪ 14:20፣ በሰርቨሩ መዝገብ ግን 11:20 ሊል ይችላል። ሁለቱ መዝገቦች በትክክል በ3 ሰዓት ከተለያዩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው ነክቶታል ብለው አይጠራጠሩ።

አሮጌ ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላም ነገር ይመልከቱ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ዓመታት በፊት ይመለሳል። ያን ጊዜ የሮጠ ኩዌሪ በሂስትሪው የተሳሳተ ቀን ስር ይገባል። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ የኮምፒውተሩን ቀን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፤ ባትሪውም ርካሽ ነው።

ፕሮግራምዎ የመፈለጊያ ሳጥን ካለው በቃል ይፈልጉ። ሲፈልጉ ግን የመብራት ኃይልን ነገር አይርሱ። «ኃይል» ብለው ያጡትን «ሃይል» ብለው ያገኙታል። ከተቻለ የሚለዋወጥ ፊደል የሌለበትን ክፍል ይምረጡ፤ «መብራት» የሚለው ብቻ አራቱንም ያመጣልዎታል።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩን አንብበው ትክክለኛውን ይለዩ

ተመሳሳይ የሚመስሉ አምስት ስድስት ኩዌሪዎች ተከታትለው ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዱ ሙከራ፣ አንዱ ስህተት፣ አንዱ ለሪፖርት የዋለው ነው። ለመለየት ሦስት ነገር ይዩ።

መልእክቱ፦ ኩዌሪው ተሳክቷል ወይስ ስህተት ሰጥቷል? ስህተት የሰጠው ለሪፖርት ሊውል አይችልም።

የረድፍ ብዛቱ፦ የስም ዝርዝር ያወጣ ኩዌሪ 61 ረድፍ ካለ እና ሪፖርቱም 61 ካለ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። ለዚህም ነው ከቆጠራው ኩዌሪ በተጨማሪ ስም ዝርዝሩን የሚያወጣውንም ማሮጥ የሚመከረው፤ የረድፉ ብዛት ራሱ ምስክር ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ፦ አብዛኛውን ጊዜ ለሪፖርት የሚውለው ከተከታታይ ሙከራዎች የመጨረሻው ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ማስታወሻ ከጻፉበት ጥርጣሬ አይኖርም።

ፒጂአድሚን ራሱ ከበስተጀርባ የሚያሮጣቸውን ኩዌሪዎችም የሚያሳይና የሚደብቅ ማብሪያ ማጥፊያ በሂስትሪው ሰሌዳ ላይ አለ። ዝርዝሩ የማያውቋቸው ኩዌሪዎች ከበዙበት ያጥፉት።

ደረጃ 6፦ ወደ መጻፊያው ይመልሱት፤ ወዲያው አያሩጡት

ትክክለኛውን ኩዌሪ መርጠው «ኮፒ ቱ ኩዌሪ ኤዲተር» የሚለውን ይጫኑ። ጽሑፉ ወደ መጻፊያው ይመጣል። «ኮፒ» የሚለው ብቻ ደግሞ ሌላ ቦታ ፔስት እንዲያደርጉት ይይዝልዎታል። በፒኤችፒማይአድሚን ኮንሶል ላይ «ኤዲት» እና «ሪኩዌሪ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሁለተኛው በቀጥታ ስለሚያሮጥ የመጀመሪያውን ይምረጡ።

ከማሮጥዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ፦

1. የቱ ዳታቤዝ ላይ ነዎት? ለሙከራ የተጻፈ ኩዌሪ ዋናው ዳታቤዝ ላይ እንዳይሮጥ የታቡን ስም ያንብቡ።

2. ኩዌሪው በምን ይጀምራል? ሰለክት ከሆነ ያነባል እንጂ አይነካም። አፕዴት፣ ዲሊት ወይም ኢንሰርት ከሆነ ዳታ ይቀይራል። ባለፈው ወር አንድ ጊዜ የሮጠ ክፍያ መመዝገቢያ ዛሬ ቢደገም ክፍያው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

3. ቀኖቹ የዛሬውን ጥያቄ ይመልሳሉ? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የ2018 በጀት ዓመት ሁለተኛ ሩብ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 11፣ 2025 እስከ ጃንዋሪ 8፣ 2026 ነው። እነዚህን ቀኖች የያዘ ኩዌሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓመቱን ብቻ ቀይረው ቢጠቀሙበት ይሳሳታሉ። ጳጉሜን በ2019 ስድስት ቀን ስለምትሆን ጥቅምት 1፣ 2020 የሚውለው ኦክቶበር 12፣ 2027 ነው። አንድ ቀን ተዛነፈ ማለት የአንድ ቀን ክፍያ ከሩብ ዓመቱ ውጪ ቀረ ማለት ነው።

4. የመጨረሻው ቀን እስከ ማታ ድረስ ተካቷል? ዓምዱ ቀንን ከነሰዓቱ የሚይዝ ከሆነ «እስከ ጃንዋሪ 8» ማለት እስከ እኩለ ሌሊት መጀመሪያ ብቻ ይሆንና የታኅሣሥ 30 ሙሉ ቀን ይቀራል። «ከጃንዋሪ 9 በፊት» ብለው መጻፍ ይህን ችግር ያስቀራል።

ዳታ የሚቀይር ከሆነ በፒጂአድሚን ከማሮጫው ቁልፍ አጠገብ ካለው ዝርዝር «ኦቶ ኮሚት»ን ያጥፉ። ያን ጊዜ ለውጡ የሚጸናው እርስዎ «ኮሚት» ሲሉ ብቻ ነው። የረድፉ ብዛት ከጠበቁት ከበለጠ «ሮልባክ» ብለው ይመልሱታል።

ደረጃ 7፦ የቀድሞውንና የአሁኑን ያነጻጽሩ

ሁለት ቁጥሮች ሲለያዩ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጥያቄው ተለውጧል፣ ወይ ዳታው ተለውጧል። ሂስትሪ እነዚህን ለመለየት ያስችላል።

የቀድሞውን ኩዌሪ ምንም ሳይነኩ ዛሬ ያሩጡት። እንደገና 61 ከሰጠ ዳታው አልተለወጠም፤ ልዩነቱ ያለው ሁለተኛው ኩዌሪ ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው መስመር በመስመር ያንብቡ። በምሳሌያችን አንደኛው አራት አጻጻፍ፣ ሁለተኛው አንድ አጻጻፍ መያዙ ወዲያው ይታያል።

ቁጥሩ ከተለወጠ ግን ዳታው ተነክቷል ማለት ነው። አዲስ ተማሪ ተመዝግቦ ይሆናል። የምዝገባ ቀን የሚይዝ ዓምድ ካለ «እስከ ጥቅምት 12 የተመዘገቡ» የሚል ማጣሪያ ጨምረው ያሩጡ። 61 ከመጣ ነገሩ ተፈታ። አሁንም ካልመጣ የተሰረዘ ወይም የተስተካከለ መዝገብ አለ፤ ያን ለማየት የዚያን ጊዜ ባክአፕ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ የፊደል ከሆነ ዘላቂው መፍትሔ ሰፈሩን በእጅ ማስጻፍ ትቶ ከዝርዝር ማስመረጥ ነው። ለጎፋ ሰፈሮች አንድ ትንሽ ቴብል ሠርተው መዝጋቢው ከዚያ ይምረጥ። «ካምፕ» እና «ካንፕ» አብሮ ይስተካከላል።

ደረጃ 8፦ ስህተት ከተፈጸመ ሂስትሪውን ለምርመራ ይጠቀሙ

በዳታቤዝ ሥራ በጣም የሚፈራው «ዌር» የሚለው ማጣሪያ ተረስቶ የሚሮጥ አፕዴት ነው። የአንድ ልጅ ወርሃዊ ክፍያ ሊስተካከል ታስቦ የሁሉም ይቀየራል። ሂስትሪ ይህን አይመልስም። ሆኖም ለመመለስ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይነግራል፦ ምን እንደሮጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሮጠና ስንት ረድፍ እንደነካ።

1. ኦቶ ኮሚት ጠፍቶ ከነበረ ወዲያው ሮልባክ ያድርጉ። ጉዳዩ በዚሁ ያበቃል።

2. ጸንቶ ከሆነ ሌላ ምንም አያሩጡ። በግምት የሚደረግ ማስተካከያ ጉዳቱን ያወሳስበዋል። የሚሠሩ ባልደረቦችም ለጊዜው እንዲያቆሙ ይንገሩ።

3. ከሂስትሪው ኩዌሪውን፣ ሰዓቱንና የረድፉን ብዛት ኮፒ አድርገው ፋይል ላይ ያስቀምጡ።

4. ከዚያ ሰዓት በፊት የተወሰደውን የመጨረሻ ባክአፕ በሌላ ስም፣ በአዲስ ዳታቤዝ ላይ ይመልሱ። በዋናው ላይ አይመልሱት፤ ከባክአፑ ወዲህ የገባው ትክክለኛ ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

5. የተበላሸውን ዓምድ ብቻ ከባክአፑ ወደ ዋናው ይውሰዱ። ከባክአፑ በኋላ የተደረጉ ትክክለኛ ለውጦችን ደግሞ ሂስትሪው ውስጥ በቅደም ተከተል ያገኟቸዋል፤ እየፈተሹ ይድገሟቸው።

6. ለኃላፊዎ ከነሰዓቱ ያሳውቁ። የተመዘገበ ስህተት ይታረማል፤ የተደበቀ ግን በየሪፖርቱ ይዞራል።

ደረጃ 9፦ የሚደጋገመውን ወደ ፋይል ያሳድጉ

ሂስትሪ ገደብ አለው፤ አሮጌውን ይጥላል። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ኩዌሪ እዚያ መቅረት የለበትም። በሳምንቱ መጨረሻ፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ ሂስትሪውን ከላይ እስከ ታች ይመልከቱ። ለሪፖርት የዋለውን እያንዳንዱን ኩዌሪ ወደ መጻፊያው አምጥተው በፋይል ሴቭ ያድርጉ።

የፋይሉን ስም በዓመትና በሩብ ዓመት ይጀምሩ፦ «2018 ሩብ 2 ሰርቪስ በሰፈር»። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ፎልደሩን ባክአፕ ከሚደረግበት ቦታ ያኑሩት። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ከሆኑ «ቡክማርክ» የሚለው ምርጫ ኩዌሪን በስም ያስቀምጣል፤ ፋይሉን ግን አይተካም።

ይህ ፎልደር የሥራው ቅርስ ነው። ሠራተኛ ሲቀየር፣ ኮምፒውተር ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ፣ ሂስትሪው ከማሽኑ ጋር ይሄዳል፤ ፎልደሩ ግን ይቀራል። አዲስ የሚቀጠረው ባለሙያም የቢሮውን ቁጥሮች አሠራር ከዚያ ይማራል።

ደረጃ 10፦ ምስጢሩን ይጠብቁ

ሂስትሪው ውስጥ የሚቀረው የኩዌሪ ቃል ብቻ አይደለም። «ስልኩ ይህ የሆነ ወላጅ» ብለው ከፈለጉ የወላጁ ስልክ ቁጥር ይመዘገባል። የልጅ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታም እንዲሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የዳታቤዙ በር ተቆልፎ ሂስትሪው ክፍት ከቀረ ጥበቃው ጎደሎ ነው።

- በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱ የዊንዶውስ መግቢያ ይኑረው።
- ፓስወርድ በኩዌሪ ውስጥ አይጻፉ። በፖስትግሬስ ተርሚናል ፓስወርድ ለመቀየር የኋላ ስላሽ አስቀድመው «ፓስወርድ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ የሚያስገቡት ቃል በሂስትሪ ፋይሉ ላይ አይቀመጥም። የማይኤስኪውኤል ተርሚናልም ፓስወርድ የሚያነሱ ትእዛዞችን ከሂስትሪው እንዲዘል ተደርጎ የተሠራ ነው።
- አንድ ኩዌሪ ለማጥፋት ፒጂአድሚን ላይ «ሪሙቭ»፣ ሁሉንም ለማጥፋት «ሪሙቭ ኦል» ይጫኑ። ሁለተኛውን ከመጫንዎ በፊት ደረጃ 9ን መጨረስዎን ያረጋግጡ።
- ኮምፒውተር ለጥገና ሲሰጥ፣ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሠራተኛ ሲተላለፍ ሂስትሪውንም ያጽዱ። ተርሚናል የተጠቀመ ሰው በሆም ፎልደሩ ያለውን ስውር የሂስትሪ ፋይልም ማጥፋት አለበት።

ችግር ሲያጋጥም

*ሂስትሪው ባዶ ነው።* በሌላ ተጠቃሚ ስም ወይም በሌላ ዳታቤዝ ገብተው ይሆናል። ፒጂአድሚን ሂስትሪውን በተጠቃሚና በዳታቤዝ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። በተጨማሪም ኩዌሪ ሳይጻፍ በቀጥታ በቴብሉ ላይ ዳታ ለማየትና ለማስተካከል የሚከፈተው ገጽ ሂስትሪን ለሌላ ቀን አያቆይም።

*ባልደረባዬ ያሮጠው አይታየኝም።* የፕሮግራሙ ሂስትሪ የሚያውቀው በእርስዎ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። የሁሉንም ሰው ለማየት መዝገቡ በሰርቨሩ መያዝ አለበት። ፖስትግሬስ ዳታ የሚቀይሩ ትእዛዞችን ሁሉ በሎግ ፋይሉ እንዲጽፍ አስተዳዳሪው ማዘዝ ይችላል፤ ካልታዘዘ ግን አይጽፍም። ገንዘብ የሚነካ ዳታቤዝ ካለዎት ዛሬውኑ ይጠይቁ።

*ሂስትሪው ላይ አማርኛው ደህና ነው፤ ቴብሉ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት ሆኗል።* ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። የጻፉት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው ሲቀመጥ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ዓምዱ ወይም ግንኙነቱ የግዕዝ ፊደል በማይዝ የፊደል ሥርዓት ተዘጋጅቶ ይሆናል። ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ካስቀየሩ በኋላ ጽሑፉን ከሂስትሪው ወስደው እንደገና ያስገቡ። የጥያቄ ምልክት የሆነው ራሱ ተመልሶ አማርኛ አይሆንም።

ከነገ ጀምሮ

አሥሩንም ደረጃ በአንድ ቀን መያዝ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ደረጃ 2ን ይፈትኑ፤ ፕሮግራምዎ የሚያስታውስ መሆኑን ይወቁ። ከዚያ ቀጥሎ በሚጽፉት የመጀመሪያ ኩዌሪ አናት ላይ ቀኑን፣ ጠያቂውንና ዓላማውን ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ዓርብ ሲመጣ ወደ ፋይል ያሳድጉ። ርዕሰ መምህሩ «ያኔ 61 ብለሽኝ አልነበረም?» ሲሉ የመዝገብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ከፍታ የትኞቹን አጻጻፎች እንደቆጠረች፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ ታሳያቸዋለች። ሰርቪሱም የሚመደበው በትክክለኛው ቁጥር ይሆናል፤ ከመብራት ኃይል የሚመጡት ቀሪዎቹ 14 ልጆችም መቀመጫ ያገኛሉ።